የአራሚው ጠረጴዛ

— ሄሎ? … እንዴ፣ አንተ ነህ? በሥራ ሰዓት? … ቆይ አንዴ። (እህቴ፣ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ከሞቀሽ ቀንሺው፤ ወንድሜ ነው፣ መጣሁ።) እሺ ሆዴ፣ ምን ሆንክ?

— ጠረጴዛህ የለም ማለት? ጠረጴዛ እኮ እግር ቢኖረውም አይሄድም። … የት? … የማተሚያ ቤቱ ወረቀት መጋዘን ውስጥ? ማን ወሰደው? … አለቃህ ራሱ።

— ደብዳቤውን ሰኞ ሰጠኸው አይደል? … አዎ፣ አብረን ያነበብነውን። ኦቲዝም እንዳለብህ አነበበ፤ ከዚያስ? … “እንኳን ነገርከኝ” አለህ። እኮ! … የጠየቅከውን ሦስቱንም? ትእዛዝ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከሚያብረቀርቀው መብራት ሥር መነሳት፣ ሬዲዮኑ እንዲዘጋ… ሦስቱንም እሺ ካለ፣ መጋዘኑን ምን አመጣው?

— አላስቸኩልህም። በራስህ ጊዜ።

— “ከሰው ጋር እንደማይሆንልህ ተነግሮኛል፣ ለአንተው ብዬ ነው” አለህ። … እንደዚህ ነው ያለው? ቃል በቃል?

— አለሁ። … አላለቀስኩም፣ የካስኩ ድምፅ ነው።

— ደብዳቤው ላይ እንደሌለ አውቃለሁ። ስንት ዓመት የሰው መጽሐፍ አርመህ አንዲት ቃል ከኪስህ ጨምረህ አታውቅም። … ማን እንዳለው? … ቆይ። (የተጠቀለለበትን ቢጎዲን አትንኪው እህቴ፣ ፀጉርሽ ገና አልደረቀም።)

— እኔ ነኝ። … እኔ ነኝ ያልኩት። ማክሰኞ ደወልኩለት። … ከጀርባህ፣ አዎ። ደብዳቤህ ደረቅ መሰለኝ፤ እንዲራራልህ ፈለግኩ። “ወንድሜ እንደ ልጅ ነው፣ የሰው ግርግር አይችልም፣ ብቻውን ቢሆን ይሻለዋል” አልኩት። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው፣ ልጅ አልኩህ። ቅንድብ ልኳል ብዬ ዓይን አጠፋሁ።

— ምን? “የማንን ዓይን?” … እያሾፍክብኝ ነው። በዚህ ሰዓት እንኳ ታሾፋለህ፤ አንጀቴን በላኸው።

— ጫጫታ ስለምትጠላ መስሎኝ ነዋ ሬዲዮኑን ዝጉ ያልከው። … አይደለም? … እነሱን ለመስማት? … መጽሐፍ ጠራዧና ማሽኒስቱ ሲያወሩ ከሬዲዮኑ ጋር ይደባለቅብሃል። … ስድስት ዓመት? ስድስት ዓመት ሙሉ ምን እንዳሳቃቸው ሳትሰማ ዝም ብለህ አብረህ ትስቅ ነበር? ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ? … አልጠየቅኩህም። እውነትህን ነው፣ አልጠየቅኩህም።

— ማክሰኞ ሬዲዮኑ ተዘግቶ ነበር? ቀኑን ሙሉ? … ሁሉንም ሰማህ። … የጠራዧ ባል አዲሱን ሰው ሠራሽ ጥርሱን አስነጥሶ በመስኮት ጣለው… ከዚያስ? … ጎረቤት ይዞለት መጣ! እና አንተም በቦታው ሳቅክ። … አጠገባቸው ቁጭ ብለህ ምሳ በላህ።

— አንድ ቀን ብቻ። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ስትገባ ጠረጴዛህ የለም።

— አሁኑኑ ደውዬ አስተካክለዋለሁ። … አትደውዪ? … ሦስት ደቂቃ አይፈጅም፣ እኔ እኮ… እሺ። አልደውልም። … ማን ይነግረዋል ታዲያ? … አንተ። ምን ብለህ? … “እህቴ ተሳስታለች፣ ጠረጴዛዬን መልሱልኝ።” … የምትጨምሪው አለሽ ወይ ነው የምትለኝ? የለኝም። ከዚህ በላይ ምን ይባላል።

— እምቢ ቢልስ? … አታውቅም። እኔም አላውቅም። ይቅር በለኝ ወንድሜ። … አሁን ይቅር ማለት ካልቻልክ ይቆይ፤ ግድ የለም።

— ማታ ግን ትመጣለህ? እራትህን አቆይልሃለሁ። … ለምን? … ዛሬ ብቻህን መሆን ትፈልጋለህ። … እዚያ መጋዘን ቀኑን ሙሉ ብቻህን ውለህ? … እ። ከእኔ ርቀህ ማለትህ ነው።

— እሺ። … ሄሎ? … ሄሎ?

(ዘጋው። … ምንም አልሆንኩም እህቴ፤ ነይ፣ ፀጉርሽን ልፍታልሽ።)