ከጆሮዋ ኋላ

(ሰኔ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ደሴ ውስጥ ባለች ጠባብ የሴቶች ፀጉር ቤት፤ የጤና ተማሪዋ ማስተዋል ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች፣ የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘርፌ መላጫ ማሽኑን ከጀርባቸው ደብቀው ቆመዋል።)

ዘርፌ፦ አልላጭሽም አልኩሽ! ቤቱ የኔ፣ ማሽኑ የኔ፣ እጁም የኔ።

ማስተዋል፦ ጭንቅላቱ ግን የኔ ነው፣ እትዬ ዘርፌ።

ዘርፌ፦ አፍሽማ መች ይታማል! ማን ሞቶብሽ ነው የምትላጪው?

ማስተዋል፦ ማንም አልሞተብኝም። ነገ የከተማው ምክር ቤት የጤና ኮሚቴ ስለ በጀት ይሰበሰባል። ለክበባችን አሥር ደቂቃ ተፈቅዶልናል፤ ሬዲዮም ይመጣል። ሠላሳ ሴት ተማሪዎች ተላጭተን እንገባለን። እኔ ልጀምርላቸው ብዬ ነው የመጣሁት።

ዘርፌ፦ የምን ክበብ ነው ደግሞ?

ማስተዋል፦ የካንሰር…

ዘርፌ፦ ኧረ ስሙን አትጥሪብኝ! ደንበኛ ይሰማል።

ማስተዋል፦ የታለ ደንበኛው? ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ያለው የፕላስቲክ ጭንቅላት ነው።

ዘርፌ፦ ቢሆንም። «ያ በሽታ» በይ።

ማስተዋል፦ «ያ በሽታ» እያልን እኮ ነው እዚህ የደረስነው። «ለያ በሽታ» ብሎ በጀት የሚይዝ ሰው አይተው ያውቃሉ?

ዘርፌ፦ እሺ፣ መላጨቱ ምን ይረዳል?

ማስተዋል፦ ኬሞ የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፀጉሩ ይረግፋል። ከእነሱ ጋር ነን ለማለት ነው። ውጭ አገር ተማሪዎች እንዲህ ሲያደርጉ በቪዲዮ አየን።

ዘርፌ፦ የውጭውን እንጃ። እዚህ ሠላሳ ሴት ተላጭታ ከገባች ሹሞቹ «ነፍስ ይማር» ብለው ነው የሚነሱላችሁ።

ማስተዋል፦ …ይነሱ። ቢያንስ ያዩናል።

ዘርፌ፦ እናትሽስ? አምሳለ ዛሬ ማታ ተላጭተሽ በሩ ላይ ስታይሽ ምን ትላለች?

ማስተዋል፦ አስረዳታለሁ።

ዘርፌ፦ ከማስረዳትሽ በፊት ታይሻለች። «ልጄ በቁሜ አለቀሰችኝ» ነው የምትለው።

ማስተዋል፦ ይተዉኝ በናትዎ!

ዘርፌ፦ እውነቴን ነው።

ማስተዋል፦ እኔ የማላውቀው መሰለዎት? እፈራለሁ እኮ! ሻይ አፍልቼ ስመለስ መጀመሪያ የማየው ደረቷን ነው፤ ከፍ ዝቅ ይላል ወይ ብዬ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከክፍል እየሮጥኩ እወጣለሁ። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ፀጉሬ ይሂድ አልኩ።

ዘርፌ፦ …የጨረር ሕክምናው ምን ደረሰ?

ማስተዋል፦ አዲስ አበባ ወረፋ ይዘናል። ለመስከረም አሉን።

ዘርፌ፦ መስከረም! ገና ሰኔ አይደለም እንዴ?

ማስተዋል፦ ነገ የምንለምነው ለዚህ ነው። የጨረር ማሽን እኛም ዘንድ ይምጣ፣ በሽታው ገና ሳይብስ በየጤና ጣቢያው ይለይ፣ ለሚያጠኑትም ገንዘብ ይመደብ። ባካባቢያችን ስንት ሰው እንደታመመ ብጠይቅ ደፍሮ የሚነግረኝ አጣሁ። የእማዬ ሐኪም ምን እንዳለን ያውቃሉ? «እብጠቷ ገና ሽምብራ ስታክል አምጥታችኋት ቢሆን ኖሮ።»

ዘርፌ፦ ሽምብራ አለ?

ማስተዋል፦ አዎ። ምን ሆኑ? ፊትዎ ልክ አይደለም።

ዘርፌ፦ ምንም። ወገቤ ነው።

ማስተዋል፦ የፕላስቲኩን ጭንቅላት መላጨት ጀመሩ እኮ።

ዘርፌ፦ ማሽኑን ልሞክረው ብዬ ነው።

ማስተዋል፦ አልተሰካም፣ እትዬ ዘርፌ።

ዘርፌ፦ …ሽምብራ ታክል ነበር። ልክ ነው ሐኪሙ።

ማስተዋል፦ እርስዎ በምን አወቁ?

ዘርፌ፦ ለአምና ፋሲካ ሹሩባ ልትሠራ መጣች። ከግራ ጆሮዋ ኋላ ጣቴ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ጠንካራ ነው፤ ሲነኩት አይንቀሳቀስም።

ማስተዋል፦ እና ምን አሏት?

ዘርፌ፦ ቅባት ጨመርኩ።

ማስተዋል፦ ምን?

ዘርፌ፦ ቅባት ጨመርኩና ላላ አድርጌ ሠራኋት፤ እንዳያማት ብዬ። ለእንቁጣጣሽ ስትመጣ አድጎ ጠበቀኝ። ያኔ ደግሞ ጉንጉኑን በላዩ አሳለፍኩት።

ማስተዋል፦ ለምን?

ዘርፌ፦ እንዳይታይባት።

ማስተዋል፦ ወይኔ እማዬ!

ዘርፌ፦ ፈራሁ ማስተዋል። ክፉ ወሬ ከኔ አፍ አይውጣ አልኩ። «ሟርተኛ» ብላኝ ሌላ ፀጉር ቤት ብትሄድስ አልኩ። ብርድ ይሆናል፣ እንቅርት ይሆናል እያልኩ ራሴን እንዳታለልኩ ጥር መጣ፣ መታመሟን ሰማሁ።

ማስተዋል፦ ከፋሲካ እስከ ጥር ዘጠኝ ወር ነው። እኔ ለማላውቃቸው ሴቶች ገበያ መሀል በራሪ ወረቀት ስበትን እርስዎ በጣትዎ ያውቁት ነበር!

ዘርፌ፦ ስደቢኝ። ሙልጭ አድርገሽ ስደቢኝ።

ማስተዋል፦ በምን አፌ? የጤና ተማሪዋ እኔ ነኝ። በየበዓሉ ከተማሪ ማደሪያ መጥቼ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ስሜያታለሁ፤ አንድ ቀን ዳበስ አላደረግኳትም።

ዘርፌ፦ አንቺማ ምን ታደርጊ፤ ሹሩባዬ ሸፍኖብሽ ነው።

ማስተዋል፦ …ከእማዬ ሌላስ? ሌላ ሰው ላይ ነክተው ያውቃሉ?

ዘርፌ፦ አትጠይቂኝ።

ማስተዋል፦ እትዬ ዘርፌ!

ዘርፌ፦ አንዲት አለች። ዳቦ ቤት የምትሸጠዋ፣ ዙፋን። ቅዳሜ ሳጥባት አንገቷ ሥር አገኘሁት። ምንም ላይሆን ይችላል አይደል?

ማስተዋል፦ ይችላል። አብዛኛው እብጠት ክፉ አይደለም። ግን ሐኪም ነው የሚለየው፣ ቅባት አይደለም። ይደውሉላት።

ዘርፌ፦ አሁን?

ማስተዋል፦ አሁን። እኔ እዚሁ ነኝ።

ዘርፌ፦ …ሃሎ፣ ዙፋንዬ? ዘርፌ ነኝ። ደህና ነሽ? ሥራ እንዴት ነው? …እ… ፀጉርሽ አልተበላሸም? …ጎሽ። በይ ደህና ዋይ።

ማስተዋል፦ ዘጉት?!

ዘርፌ፦ ስትስቅ ሰማኋት። እንዴት ብዬ ልንገራት፣ እየሳቀች?

ማስተዋል፦ እማዬም እዚህ ወንበር ላይ ስትስቅ ነበር።

ዘርፌ፦ ቆይ፣ መልሼ ልደውል። …ዙፋን፣ እኔው ነኝ። ቅዳሜ ሳጥብሽ አንገትሽ ሥር እብጠት ነገር ነክቻለሁ። እንጃ ልጄ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁ። ምንም ላይሆን ይችላል፣ ግን ነገ በጠዋት ታዪ። …አይዞሽ። …እሺ። …እሺ አልኩሽ እኮ።

ማስተዋል፦ ምን አለች?

ዘርፌ፦ አለቀሰች። «ብቻዬን አልገባም፣ አብረሽኝ ሂጂ» አለችኝ። ሁለት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቀጠርኳት።

ማስተዋል፦ የኛ ስብሰባ በስምንት ሰዓት ነው። እንደጨረሱ ይመጣሉ።

ዘርፌ፦ የት ነው የምመጣው?

ማስተዋል፦ ምክር ቤት። መላጨቱ ቀረ፣ የእርስዎ ምስክርነት ይበልጣል፤ ለልጆቹ አሁኑኑ እደውላለሁ። ከአሥሩ ደቂቃ አምስቱ የእርስዎ ነው። ከተማው ውስጥ ስንት ፀጉር ቤት አለ? ስንት ሴት በእጃችሁ ታልፋለች? እብጠት ስታገኙ ምን እንደምትሏት፣ ወዴት እንደምትልኳት ያስተማራችሁ አለ?

ዘርፌ፦ ማን ያስተምረናል!

ማስተዋል፦ ይኸንኑ ይንገሯቸው። «በጣቴ አወቅኩ፣ ፈርቼ ዝም አልኩ» ይበሉ።

ዘርፌ፦ አበድሽ? ሬዲዮ ይመጣል አላልሽም? ሱቄ በማግስቱ ይዘጋል! ደግሞ አምሳለ ከሬዲዮ ልትሰማ ነው?

ማስተዋል፦ ከሬዲዮማ መስማት የለባትም። ዛሬ ከእርስዎ ትስማ።

ዘርፌ፦ ትጠላኛለች። ለሠርጓ የሠራኋት እኔ ነኝ። አንቺን ስትወልድ ገንፎ ያገነፋሁላት እኔ ነኝ።

ማስተዋል፦ ልትጠላዎት ትችላለች። እኔም ስለ እርስዎ አሁን የሚሰማኝን አላውቀውም።

ዘርፌ፦ አንቺ ንገሪልኝ። ልጇ ነሽ፣ ከአንቺ ሲሆን ይቀላል።

ማስተዋል፦ እኔ ስነግራት ክስ ይሆንብዎታል። ደግሞ ለእማዬ ሌላ ክፉ ወሬ ይዤ የምገባበት አቅም የለኝም።

ዘርፌ፦ ምን ብዬ ነው የምጀምርላት?

ማስተዋል፦ ማሽኑን ያስቀምጡ። እጄን ይያዙ።

ዘርፌ፦ …ነጠላዬን አቀብይኝ። በሩን ቆልፊና ቁልፉን አንቺ ያዢው፣ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።

ማስተዋል፦ እማዬ ጋ ነው?

ዘርፌ፦ አዎ። አንቺ ከኋላዬ ሁኚ፤ በሯ ጋ ደርሼ ከዞርኩ እንዳታሳልፊኝ።