ክርስትና ስሟ

መሐል ሜዳ አስተማሪ ሳለሁ ነው። በሁዳዴ ለቅዳሴ ስቆም ዓይኔ ከሴቶቹ በኩል አልነቀል አለኝ፤ ጎረቤቴ አስካለ እዚያ ትቆማለች። ቢጨንቀኝ ለንስሐ አባቴ፣ "አባ፣ ልጸልይ ስቆም በሐሳቤ የምትመጣው እሷ ናት። ጾሜ ከንቱ ሆነ" አልኳቸው። ይቆጡኛል ስል ፈገግ አሉ።

"ከመጣችማ ጸልይላት። ክርስትና ስሟ ማነው?"

አላውቀውም ነበር። በማግስቱ ከቅዳሴ ስንወጣ ጠየቅኋት።

"ምን ያደርግልሃል?" አለች ነጠላዋን እያስተካከለች።

"ልጸልይልሽ ብዬ ነው።"

አቀርቅራ "ወለተ ማርያም" አለችኝ። አመስግኜ ልሄድ ስል መልሳ ጠራችኝ።

"ያንተስ? እኔ እስከ ዛሬ በጸሎቴ የማነሳህ በዓለም ስምህ ነው።"

ፋሲካ እንዳለፈ ለአባቷ ሽማግሌ ላክሁ።