ካልሲ የለበሱት ጠርሙሶች

ነይ ግቢ፣ ሲስተር፣ ግቢ! ጫማሽን ተይው፤ ወለሉ ራሱ ገና አልተወለወለም። የኔን ግፊት ለመለካት ብለሽ ከሥራ መልስ ሦስት ፎቅ ወጣሽ... እግርሽ ይባረክ። የቱን እጄን ልስጥሽ? ግራውን? እሺ። አየሩ ግን እንዴት ነው የሆነው? ትናንት በካፖርት፣ ዛሬ በሸሚዝ። ፀደይ ሲገባ መቼም ያልተጠበቀው ሁሉ ያብባል...

እህቴ የለችም፤ የወይን ማሳዋ ላይ ነው የዋለችው። ድምፄን ዝቅ ላድርግ? ለምን? ቤት ውስጥ ማን አለ? ሶፋው ላይ ያለው የልጇ ባል ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ጋዜጣ ከያዘ ጣራው ቢወርድ አይሰማም። አይደለም እንዴ የኔ ጌታ? ... አየሽ? አልሰማም።

እና የወይን ቅምሻውን ነገር ማን ነገረሽ? ማንም? እንግዲያው እኔ ልንገርሽ። በየዓመቱ ፀደይ ሲገባ፣ ስማቸው ብዙ ያልታወቀ የወይን ዝርያዎች በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ለሕዝብ ይቀርባሉ። መግቢያው ላይ ብርጭቆ በገመድ አንገትሽ ላይ ያንጠለጥሉልሻል፤ ከዚያ መቅመስ ነው። እህቴ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያችን ተዳፋት መሬት ብቻዋን ነው የያዘቻት። እሱ የተከለው ጥቁር ወይን ነው፤ ፍሬው ትንንሽ፣ ቆዳው ወፍራም፣ ስሙን ከዚህ አካባቢ ውጭ የሚያውቀው የለም። ወይን የሚረከበው ድርጅት «ፈላጊ የለውም፣ ዘንድሮ ንቀዪውና ሌላ ትከዪ» ብሏታል። ያን ቀን አንድ ገዢ ካልተገኘ፣ የባሏ የእጅ ሥራ ማገዶ ሊሆን ነው። የክት ቀሚሷን ለበሰች፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ።

አዘጋጆቹ መቼም ለሰው ያስባሉ። «ቀማሽ ስም አይቶ እንዳያዳላ ጠርሙሶቹ ይሸፈኑ» አሉ። የሚሸፍኑበትን ከረጢት ግን ረስተው መጥተዋል። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከዕቃ ክፍሉ የኳስ ተጫዋቾች ካልሲ አወጡና አለበሷቸው! ሰባት ጠርሙስ፣ ሰባት ካልሲ፣ ቁጥር ተለጥፎባቸው መድረኩ ላይ ተሰለፉ። ታጥቧል ብለዋል... እኔ አላሸተትኩም።

ማይክ የያዘው ሰው «ከመካከላችሁ የሚያውቅ ይውጣና ይፍረድልን» አለ። አንድ ሰው ወጣ። ማን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ የሰው ስም ማንሳት አልወድም። አዋቂ ሰው ነው ብቻ። ስለ ወይን የሚያወራ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አለው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ምን የመሰለ ንጹሕ መጽሐፍ! ተከፍቶ የማያውቅ ነገር መቼም አይቆሽሽም። በዚያ ሙቀት የሱፍ ስካርፍ ጠምጥሟል። ትሑትነቱ ደግሞ! እስኪለምኑት ሰው አያደክምም፤ ራሱ ይወጣል።

አንደኛውን ቀመሰና «ወጣት ነው» አለ። ሁለተኛውን ቀመሰና «ይሄም ወጣት ነው፣ ግን ተስፋ አለው» አለ። እህቴ የፊት ወንበር ላይ ናት። የሷ ሦስተኛው ነው፣ ቢጫ ካልሲ የለበሰው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ እየጸለየች ነው። ሰውየው ሦስተኛውን አነሳ፣ ወደ መብራቱ አድርጎ አየው፣ አፉ ውስጥ አንቦጫረቀው... እዚያው ሕዝብ ፊት ተፋው! «ይሄንን ያመረተ ሰው፣» አለ በማይክ፣ «ነገ ጠዋት ነቅሎ ድንች ይትከል! ድንቹም እሺ ካለው ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እህቴ አልሳቀችም። የቦርሳዋን ማንጠልጠያ እየጠመዘዘች ጫማዋን ታያለች። ያን ሰዓት የኔን ግፊት ብትለኪው ኖሮ መሣሪያሽ ይበጠስ ነበር።

ተሳስቶ ነው ትያለሽ? ኧረ ምን በወጣው! ያንኑ ወይን ሰውየው አማቱ ቤት በየእሁዱ ጠጥቶታል፣ ስድስት ዓመት ሙሉ። «እጅሽ ይባረክ እማዬ» እያለ፣ ጠርሙሱን ዘቅዝቆ እያራገፈ። ያን ሁሉ መከራ ስድስት ዓመት ሳይተነፍስ መዋጡ... ትዕግሥቱ አያስገርምሽም?

ሰባቱን ጨረሰ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አንድ ጆግ አየ። ካልሲ የለውም፣ ቁጥር የለውም። ቀማሹ ሁሉ የብርጭቆውን ትራፊ የሚደፋበት፣ አንዳንዱም... እንትፍ የሚልበት ጆግ ነው። ማንም ሳይነግረው ቀዳ። ጠጣ። ዓይኑን ጨፈነ። «ይሄ!» አለ። «ይሄ ሌላ ነው! በውስጡ የብዙ ሰው ድካም ይሰማኛል! ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ ጥበብ ነው!» እውነቱን እኮ ነው! ከዚህ በላይ አጥርቶ የሚቀምስ ምላስ የት ይገኛል? ደገመ። ከኋላ ሁለት ሰዎች ብርጭቋቸውን ይዘው መሰለፍ ጀምረው ነበር፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን አንጠልጥላ መድረኩ ላይ ወጣችና «ይቅርታ ጌታዬ፣ ጨርሰው ከሆነ ልድፋው» አለችው።

ከዚያ ካልሲዎቹ ይውለቁ ተባለ። ሦስተኛው ሲወልቅ፣ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በማን እጅ የተጻፈ ነው ብትይኝ ጥሩ ነው? በራሱ በሰውየው! «የኔ ጽሑፍ ያምራል» ብሎ፣ አማቱን ለምኖ፣ ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብሎ የጻፈው። «የእናታችን ወይን» ይላል፣ በትልልቁ። ማይክ ያዡ ለሕዝቡ አነበበው።

እህቴ ተነሥታ ልትወጣ ስትል አንዲት ሴትዮ ክንዷን ያዘቻት። ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት፤ ከኋላ ሆና ሁሉን አይታለች። «ያ ሰውዬ ጆጉን እንዲያ ከወደደው፣ የጠላውን ሳልቀምስ አልሄድም፤ እስቲ ቅጂልኝ» አለቻት። እህቴ ቀዳችላት። ሴትዮዋ ቀመሰች። ብርጭቆዋን እንደገና ዘረጋች... የዘንድሮውን በሙሉ ወሰደችው፤ የመጪውን ሦስት ዓመትም ለሌላ እንዳትሰጪብኝ ብላ ተፈራርማ ሄደች። እህቴ ወንበሩ ላይ ተመልሳ ቁጭ አለችና ተንሰቀሰቀች። ባሏ የሞተ ቀን እንኳ እንዲያ ስታለቅስ አላየሁም።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ያ አዋቂ ሰው አጠገቧ ተቀመጠ። ይቅርታ ሊላት ነው ብዬ፣ እንዳላሳፍረው ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ምን አላት? «ሆን ብዬ እኮ ነው እማዬ፤ የገበያ ዘዴ ነው።» እህቴ ትንሽ አየችውና «አውቃለሁ ልጄ» አለችው። በቃ፣ ይቺን ብቻ። ጆጉስ? እሱም ዘዴ ነበር? ለእኛ ብሎ ነው እንዴ የጠጣው? ... አሁን በየሄደበት «ወይኑን የሸጥኩላት እኔ ነኝ» ይላል አሉ። ታዲያ ዋሸ? ስንቱ ሰው አመስግኖ ያልጠቀመውን እሱ ተፍቶ ጠቀመ!

ይኸው እህቴ ዛሬ ቡቃያውን ስታስር ዋለች፤ አንድም ግንድ አልተነቀለም። ያ ሰው ሊያግዛት አስቦ ነበር፤ ግን የሚነበብ ጋዜጣ አለበት... ውይ! ያንን ሰው ነው የምለው፣ የእኛውን አይደለም።

የእህቴ ልጅ ደግሞ፣ የዚህ የጋዜጣ አንባቢያችን ሚስት፣ ወሯ ገብቷል፤ ሰሞኑን ትወልዳለች። እስቲ እንመርቃት፤ አሜን በዪ፣ አንተም ሶፋው ላይ ያለኸው አሜን በል። የሚወለደውን እግዜር ጤናማ ያድርገው። ቁመቱን ከአባቱ ይውሰድ። ትከሻውንም ከአባቱ። ድምፁንም ከአባቱ፤ ማይክ የሚወድ ድምፅ ነው። ሁሉን ከአባቱ ይውሰድ፣ ከአንጀቴ ነው... የሚናገረውን ብቻ፣ የኔ ጌታ፣ የሚናገረውን ብቻ እግዜር ከሌላ ሰው ያምጣለት። አሜን።