ለምልጃ የተመረጠው ድንጋይ

የነቢያት ጾም ነበርና ከቅዳሴ የወጣነው በዘጠኝ ሰዓት ነው። በደባርቅ መናኸሪያ በኩል ወደ ቤቴ ሳዘግም ጎረቤቴን አቶ ላቀውን አገኘኋቸው። በጋቢያቸው ጫፍ አንድ ድንጋይ ጠቅልለው ታቅፈዋል። ከኋላቸው የወንድማቸው ልጅ እስከዳር፣ ባጃጅ አሽከርካሪዋ፣ ወረቀት በእጇ ይዛ ተቆጥታ ቆማለች።

«የኔታ፣ እርስዎን ያመጣ አምላክ ይመስገን» አሉኝ አቶ ላቀው። «መስቀልዎን እንደያዙ ዳባት ድረስ ይውረዱልን። የምንለምነው ሰው አለ።»

ነገሩንም አስረዱኝ። እስከዳር ባለፈው ሳምንት መንጃ ፈቃዷን ልታሳድስ ብትሄድ፣ ዳባት ላይ ስድስት ሰው ጭና፣ ትራፊክ ፖሊስ ቁሚ ቢላት ሳትቆም አምልጣለች የሚል ክስ ተመዝግቦባት አገኘች። ክሱ ከጸና ፈቃዷ ለስድስት ወር ይታገዳል፤ በማኅበሯ ያላት የስምሪት ተራም ለሌላ ይሰጣል። ዳባት ያለው የትራፊክ ቢሮ ቅሬታ የሚቀበለው እስከዚያው ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። አቶ ላቀው ግን የአባቶቻችንን ሥርዓት አስበው፣ ልጅቱ ድንጋይ ተሸክማ ከፖሊሱ እግር ሥር እንድትወድቅ፣ እኔም በመስቀሌ እንዳማልድ ወስነዋል። ድንጋዩን ራሳቸው መርጠውታል፤ እንዳይከብዳት አነስ ያለ፣ እንዳያሳፍር ደግሞ ደህና የሚታይ።

«እኔ አልሸከምም» አለች እስከዳር። «ያልሠራሁትን ማሩኝ ብል ሠርቻለሁ ማለቴ ነው። ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ እሱን አስገባለሁ።»

«በየቀኑ መንገድሽ ላይ የሚቆመውን ሰው ተሳስተሃል ልትይው ነው? ብታጎነብሺ ያዝንልሻል፤ ብትከራከሪው ግን ታርጋሽን በቃሉ ያጠናዋል።»

«በቃሉ ቢያጠናውማ መች ይሳሳት ነበር፣ ጋሼ?»

ሳልወድ ሳቅሁ፤ አቶ ላቀውም በትዝብት አዩኝ። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ሰዓት ልቤ ከእርሳቸው ጋር ነበር። ሃምሳ ዓመት ሰው ሳስታርቅ ኖሬአለሁ፤ ዝቅ ብሎ መለመን የማይፈታው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ለደንቡ ያህል የክሱን ወረቀት ተቀብዬ አነበብሁ። ኅዳር ሃያ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ዳባት ከተማ ይላል። ኅዳር ሃያ የጽዮን ዋዜማ ነው።

«እስከዳር፣ በዚያ ጠዋት ማንን ጭነሽ ነበር?»

«እርስዎን ነዋ፣ የኔታ። እርስዎንና ከበሮውን።»

እውነት ነው። በዚያው ሰዓት ቆዳው የታደሰውን ትልቁን ከበሮ እዚሁ ደባርቅ ካለው ከሠሪው ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ያደረሰችልን እርሷ ናት። ከበሮው መቀመጫውን ይዞት እኔ በአንድ ጎኔ ብቻ ተቀምጬ ነበር፤ ደቀ መዛሙርቴም ቦታ አጥተው በእግራቸው ተከተሉን። ለስድስት ሰው ይቅርና ለሁለተኛው ጎኔ ስፍራ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ቀን ለምን እንዳልነገረችኝ ብጠይቃት ወደ አጎቷ ተመለከተች። አቶ ላቀው ድንጋዩን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩና፣ የከለከሏት እርሳቸው መሆናቸውን ነገሩኝ። ካህን ለምልጃ ሲሄድ ክብር ነው፤ ለምስክርነት በየቢሮው ሲጎተት ግን ነውር ነው ብለው።

«ጋሼ» አለች እስከዳር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስድስት ሰው ጭኖ ያመለጠው ሰው ዛሬም እየነዳ ነው። ጥፋቱን እኔ ከወሰድሁለት ነገ ሰባት ጭኖ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ያን ጊዜ ከማን እግር ሥር ልንወድቅ ነው?»

እኔም አቶ ላቀውን እንዲህ አልኋቸው፦ «ንስሐ ሳስተምር፣ የሠራችሁትን አትደብቁ፣ ያልሠራችሁትንም አትናዘዙ፣ ሁለቱም ሐሰት ነው እላለሁ። አሁን ግን መስቀል ይዤ ለሐሰት ላማልድ ነበር። ይህች ልጅ የሚያስፈልጋት ምስክር እንጂ አማላጅ አይደለም፤ ምስክሯም እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሩጫ ነው። ሚኒባሱ ለመሙላት ሦስት ሰው ቀርቶት ነበርና እኛ ሞላነው። እህል ሳልቀምስ ብወጣም ረኃቡ አልተሰማኝም፤ ዓይኔ በሾፌሩ ሰዓት ላይ ነበር። አቶ ላቀውም ምናልባት ካስፈለገ ብለው ድንጋዩን ይዘው ተሳፈሩ።

አሥር ሰዓት አልፎ ከቢሮው ደረስን። ኃላፊው ማመልከቻውንና ከማኅበሯ ያመጣችውን የዕለቱን የስምሪት ወረቀት አነበበ፤ እኔም ያየሁትን ብቻ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርሁ። ክሱን የጻፈው ወጣት ፖሊስ ተጠራ። የክስ ደብተሩን ገልጦ እዚያው የቀረውን ቅጂ ትኩር ብሎ ካየ በኋላ፣ ያን ጠዋት ጉም እንደ ነበረ፣ ባጃጁም ስላልቆመ የታርጋውን የመጨረሻ ቁጥር ከሩቅ ገምቶ እንደ ጻፈው አመነ። አንድ ያላት ሰባት ልትሆን ትችላለች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኅቴ» አላት። «ትክክለኛውን ፈልጌ አገኘዋለሁ።»

አቶ ላቀው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ድንጋዩን ለእርሱ ልስጠው እንዴ?» አሉኝ። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ክሱ መሰረዙ ተጽፎ ማኅተም አረፈበት።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፦ ለበደልነው በደል መንበርከክ መልካም ነው፤ ሥርዓቱንም አልነቅፍም። ነገር ግን በስሕተት የተጻፈብንን በትሕትና መልሰን ብናስመረምር፣ ንጹሑ እንጀራውን አያጣም፤ የጻፈውም ሰው ሁለተኛ ጊዜ ቁጥሩን ቀርቦ ያያል፤ እውነተኛው አጥፊም ሰው ሳይሞት ይገኛል። ክሱ በልመና ቢቀደድ ኖሮ ከእነዚህ አንዱም ባልተገኘ ነበር። ካህን ሆይ፣ አንተም ያየኸውን መስክር፤ ነውሩ አይቶ ዝም ማለት ነው።

ስንመለስ አቶ ላቀው፣ የመሬታቸው ወሰን በይዞታ ደብተሩ ላይ በስሕተት ከተጻፈ አራት ዓመት እንደ ሆነው ነግረው፣ «ለእኔም አንድ ማመልከቻ ትጽፊልኛለሽ» አሏት እስከዳርን። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ዳገቱ ላይ የቆመው ባጃጇ ዘንድ ስንደርስ ጋቢያቸውን ፈቱ፤ ጎንበስ ብለውም ድንጋዩን ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ አደረጉት።

«ይኸው፣ ሥራ አገኘ» አሉ።