ከሠርጉ በኋላ የተባለው ወረቀት

የክርስትና ስማቸው ወለተ ሥላሴ፣ እኛ ሊሚ ሶሬሳ እያልን የምንጠራቸው፣ ከአባታቸው ከአቶ ሶሬሳ ጉታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰርካለም ወልዱ በየካቲት ወር 1997 ዓ.ም. በጉለሌ፣ ከቁስቋም ማርያም ግርጌ ተወለዱ። ሃያ ዓመት ሙሉ «አንቺ» ስንላቸው ኖረን ዛሬ አንቱ ማለታችን ዘግይቷል፤ ቢዘገይም ይገባቸዋል።

እናት አባታቸውን በሞት ሲነጠቁ ገና አምስት ዓመታቸው ነበር። የእናታቸው ወንድም ያዕቆብ ወስዶ ከልጁ ከትሕትና ጋር በአንድ አልጋ አሳደጋቸው። ወላጆቻቸውን የገደለው ኤች አይ ቪ አብሯቸው ተወልዶ ነበርና፣ ወደ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል እየተመላለሱ፣ መድኃኒታቸውን አንድ ቀን ሳያጓድሉ አደጉ። ለጎረቤት የአስም ነው ይባል ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀው ልብስ ስፌት ተማሩ፤ እጀ ወርቅ ነበሩ። ትዳር አልያዙም፤ ልጅም አልወለዱም።

ባለፈው ጥቅምት፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የተንከባከቧቸው ነርስ ሲስተር ሩቲ፣ እንግዲህ አዋቂ ሆነዋልና ሕክምናውን በሰፈር ጤና ጣቢያ ይቀጥሉ ብለው የማዛወሪያ ወረቀትና የሁለት ወር ክኒን ሰጧቸው። የጤና ጣቢያው በር ትሕትና ከታጨችበት ቤት ፊት ለፊት ነው። ያዕቆብም አማቾች ቢያዩ ጋብቻው ይፈርሳል ብሎ ፈርቶ፣ ወረቀቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ሠርጉ እስኪያልፍ እንዲታገሡ ለመናቸው። እሳቸውም ላሳደጋቸው ሰው እምቢ ማለት ነውር መስሏቸው እሺ አሉ።

ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። የሙሽራው አያት ዐርፈው ተገፋ፤ ጥቂት ሳይቆይ ዐቢይ ጾም ገባ፤ በጾም ሠርግ የለምና እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ተጠበቀ። ክኒኑ ግን ታኅሣሥ ላይ አልቋል። ሲስተር ሩቲ ደውለው ሲጠይቁ ያዕቆብ አዲሱ ቦታ ጀምራለች ብሎ ዋሻቸው።

የስድስቱን ሚዜዎች ቀሚስ የሰፉት ሊሚ ናቸው፤ የራሳቸውን እስከ ሠርጉ ዋዜማ ሦስት ጊዜ አጠበቡት። ሠርጉ አማረ፤ ሰው ሁሉ መሰከረ። በማግስቱ ቁም ሣጥኑ ቢከፈትም ሳንባቸው ክፉኛ ተጎድቶ ስለነበር፣ በሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው ትናንት ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሃያ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ከመሞታቸው በፊት ትሕትናን አደራ ያሏት አንድ ነገር ነው፤ «ባደረባቸው አጭር ሕመም» ተብሎ እንዳይነበብ። በሕፃናት ክፍል አብረዋቸው ያደጉ፣ ተራቸው ደርሶ ያንኑ ወረቀት የሚቀበሉ ጓደኞቻቸው ለቀብራቸው እንደሚመጡ ያውቁ ነበር። እነሆ መጥተዋል፤ እነማን እንደሆኑ ማንም አይጠይቅ። አማቾቻችንም ቆመው እየሰሙ ነው፤ ይስሙ። ወረቀቱን የቆለፈው ያዕቆብ አሁን ይህን እያነበበላችሁ ያለው ነው።

ሊሚ አብራቸው ያደገችውን ትሕትናን፣ ጓደኞቻቸውን እና አጎታቸውን ትተው ሄደዋል። አምላካችን ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ ለትሕትናና ለጓደኞቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። ለአጎታቸው ግን መጽናናትን አትለምኑለት።