የሚንተባተቡ ጣቶች

ዝናብ አንዳንድ ጊዜ ሰውን ከሰው ለማገናኘት ሲል ብቻ የሚዘንብ ይመስላል። በዚያ ጠዋት ከአውቶቡስ ማቆሚያው የቆርቆሮ ጥላ ሥር የተጠጉት ሁለት ሰዎች፣ ሰማዩ ጠርቶ ቢሆን ኖሮ ሳይተያዩ ይተላለፉ ነበር። አንደኛው በአንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ቤት ልብስ ሲተኩሱ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ባልደረቦቻቸው «ጋሼ ካውያ» የሚሏቸው ሰው ነበሩ። ሁለተኛዋ በልጅነቷ ጎረቤታቸው የነበረች፣ ሕክምና ተምራ በቅርቡ ወደ ሰፈሯ የተመለሰች ወጣት ሐኪም ነበረች።

ጋሼ ካውያ መጀመሪያ አላዩዋትም። ዝናቡ መንገዱን እንደ እንፋሎት ሸፍኖታል፤ የሚያልፉት መኪኖች ድምፅ እንጂ አካል የላቸውም። እሳቸውም ሌሊቱን እጃቸው እየደነዘዘ ሲቀሰቅሳቸው ስላደረ፣ ግማሽ ልባቸው ገና ከእንቅልፍ አልተላቀቀም። ነፋስ ሽው ሲል የያዙት ጃንጥላ ሸርተት ብሎ አመለጣቸውና አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። ያየ ሰው ነፋሱ ነጠቃቸው ይል ይሆናል። እሳቸው ግን የለቀቁት ጣቶቻቸው መሆናቸውን ያውቁ ነበር።

ወጣቷ ሮጣ ጃንጥላውን አመጣችላቸውና የማን ልጅ እንደሆነች ነገረቻቸው። የሽማግሌው ፊት በራ። ባለቤታቸው መስማት የተሳናቸው ናቸው፤ ይህች ልጅ ያኔ ከደጃቸው አትጠፋም ነበርና፣ አፏን ከመፍታቷ እኩል ጣቶቿን ለምልክት ቋንቋ የፈታችው በእሳቸው ቤት ነው። ሳሟት፣ ስለ እናቷ ጠየቋት፣ መረቋት። እሷ ግን ሰላምታው ካለቀ በኋላም እጃቸውን አልለቀቀችም። ገልብጣ መዳፋቸውን አየች። ከአውራ ጣታቸው ሥር ያለው ሥጋ ሟሙቶ ጎድጉዷል።

«ጋሼ፣ ይህ እጅ መደንዘዝ ከጀመረ ቆየ?»

«ብርድ ነው ልጄ። ከእንፋሎት ወጥቼ ነፋስ ሲመታኝ ጊዜ ገባብኝ። እርጅና ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም።»

«ብርድ ቢሆን ጣት አይመርጥም ነበር። እርስዎን የሚያስቸግርዎት አውራ ጣትዎ፣ ሌባ ጣትዎና የመሐሉ ነው፤ ትንሿ ጣት ደህና ናት። ሌሊት ይብስብዎታል፤ ተነሥተው ሲያራግፉት ይሻልዎታል። ተሳሳትኩ?»

ጋሼ ካውያ ሕክምና ነው ወይስ ጥንቆላ የተማርሽው አሏት። ሳቀች። ከዚያም እንዲህ ስትል ጠየቀቻቸው፤

«በካውያዎ የእንፋሎት ቱቦ ላይ ሰው ቢቆምበት ካውያው ምን ይሆናል?»

«ይቀዘቅዛል።»

«ጥፋቱ የካውያው ነው?»

«የቆመበት ሰው ነው እንጂ።»

«የእርስዎም ጣቶች ጥፋት የለባቸውም። የእጅዎ አንጓ ላይ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጣት የሚያጥፉት ጅማቶችና ለጣቶቹ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በዚያው ተፋፍገው ያልፋሉ። ዕድሜ ልክ ከባድ ነገር ጨብጦ ሲገፋ የኖረ እጅ ጅማቱ ያብጥና ነርቩን ይጫነዋል። ቶሎ ከተደረሰ ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰር ብቻ ብዙ ሰው ያድናል። ሥጋው መሟሟት ሲጀምር ግን ቤት ቁጭ ብሎ የሚጠበቅ ነገር የለም።»

ሽማግሌው በሐሳባቸው ሌላ ሰው ታያቸው። አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ አጣቢ ጣቱን በመርፌ ቁልፍ ተወግቶ ሆስፒታል ገባ፤ ሲወጣ ጣቱ አልነበረም። ይህንኑ ነገሯት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ከዚያ ወዲህ የሆስፒታል በር ሲያዩ እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ።

«ሆስፒታል ከመሄዱ በፊት ስንት ቀን ቤቱ ቆየ?» አለች በለሰለሰ ድምፅ።

ብዙ ቀን ነበር። ጣቱ ቀልቶ፣ አብጦ፣ እንደ ፍም እየነደደ፣ እሱ በጨው ውኃ እየዘፈዘፈ ከርሞ ነው የሄደው።

«እንግዲያው ጣቱን የወሰደው መዘግየቱ ነው ጋሼ። የቆሰለ እጅ ሲቀላና ሲግል፣ ትኩሳት ሲከተለው፣ ለነገ አይባልም። ወድቆ እጁ የጎበጠ፣ ጣቱ የነጣ ወይም የቀዘቀዘ ሰውም እንዲሁ። ሰው በመዳፉ ተደግፎ ወድቆ ከአውራ ጣቱ ሥር አንጓው ቢያመው፣ ባያብጥም እንኳ ይታይ፤ ወለምታ የሚመስል ስብራት አለና። የእርስዎ በሽታ ዛሬውኑ ካልታየ አይባልም፤ ከዚህ ወር ግን ማለፍ የለበትም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ።»

አውቶቡሱ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ጋሼ ካውያ እግዜር ይስጥልኝ ብለው፣ አስብበታለሁ ብለው ተሳፈሩ። «አስብበታለሁ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ለእንቢታ የተሰፋ ጥሩ ልብስ መሆኑን አንባቢ አያጣውም። ሐኪሟም አላጣችውምና፣ እሑድ መጥቼ እትዬን እጠይቃለሁ ብላ ከኋላቸው ተናገረች።

በዚያን ቀን ማጠቢያ ቤቱ እንደ ወትሮው በነጭ እንፋሎት ተሞልቶ ነበር። አንሶላዎቹ በረድፍ ተሰቅለው ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ፤ በመካከላቸው የሚያልፍ ሰው ታይቶ ይጠፋል። ጋሼ ካውያ ካውያውን ከፍ ባደረጉ ቁጥር ያ ቱቦ ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ማንም እንዳላያቸው አረጋግጠው ቱቦውን በጫማቸው ረገጡት። እንፋሎቱ ቀጠነ፤ ካውያው ትንሽ አቃሰተና ዝም አለ። እግራቸውን አነሡ፤ ትንፋሹ ተመለሰ። የቀረውን ቀን ሲያስቡ ዋሉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ቃሏን ጠብቃ መጣች። የሁለቱ ሽማግሌዎች ቤት አንዲት ክፍል ናት። ወንበሮቹ ፊት ለፊት ተደርገው፣ መጋረጃው ገለጥ ብሎ፣ ብርሃኑ በትክክል ጭን ላይ እንዲያርፍ ሆኖ ተዘጋጅቷል፤ በዚህ ቤት ወሬ የሚሰማው በዓይን ነውና። ባለቤታቸው ልጅቱን አቅፈው ካስቀመጧት በኋላ እጆቻቸው ተነሡ። የእሳቸው ንግግር ፈጣንና ለስላሳ ነው፤ ውኃ ላይ እንደሚጫወት የቅጠል ጥላ። ስለ ትምህርቷ ጠየቁ፣ መክሳቷን ነቀፉ። ከዚያም ባላቸውን ገልመጥ አድርገው ጀርባቸውን ሰጧቸውና ለልጅቱ ብቻ ተናገሩ። ጋሼ ካውያ ግን ከግድግዳው መስታወት ላይ ሁሉንም አነበቡ።

«ሰውየው ቃል እየቆጠበብኝ ነው» አሉ የባለቤታቸው እጆች። «ድሮ የዋለበትን ሲተርክልኝ ያመሽ ነበር፤ የቱ ሸሚዝ የማን እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተጣላ። አሁን ‹ደህና› ይለኛል፤ ከዚያ እጁን ብብቱ ሥር ይከተዋል። ልጄ፣ የጠገበኝ ይመስለኛል።»

ጋሼ ካውያ ከተቀመጡበት አልተንቀሳቀሱም። እጃቸው ሲደነዝዝ የኖረው የእሳቸው ብቻ ጉዳይ መስሏቸው ነበር። ቃል ሲያጥራቸው ያሳጠሩት፣ ጣታቸው ሲንተባተብ አፍረው የሸሸጉት፣ ሚስታቸውን ከሥቃያቸው ሊያሳርፉ ነበር። ለካ በደበቁት ሕመም የታመሙት ሚስታቸው ኖረዋል።

ሐኪሟ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ከዚያም እሳቸው ብቻ እንደሚሰሟት አውቃ በድምፅ ተናገረች፤ «ጋሼ፣ ይህን እኔ አልመልስላቸውም።»

ተነሥተው ከሚስታቸው ፊት ተቀመጡና «አልጠገብኩሽም» ሊሉ እጃቸውን አነሡ። አውራ ጣታቸው ወደ መሐል ጣታቸው መድረስ አቃተው። ቃሉ ተሰባብሮ ትርጉም የሌለው ነገር ሆኖ ወጣ። ሚስታቸው ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ፤ ሁለተኛ ሞከሩ፤ ፈገግታው ጠፋ። ሴትየዋ ያን እጅ ያዙና የጣቶቹን ጫፍ አንድ በአንድ በጥፍራቸው ጫን ጫን አደረጉ። ባልየው የተሰማቸው ትንሿ ጣት ላይ ሲደርሱ ነው።

«እኔን ነው የምታፍረው?» አሏቸው። «እኔ ጆሮ ስለሌለኝ አንተ አፍረህብኝ ታውቃለህ?»

ጋሼ ካውያ ወደ ሐኪሟ ዞሩ። «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ቢላውን አይደለም የምፈራው። ነክተውት ጨርሶ ቢዘጋስ? እኔ ከዚህች ሴት ጋር በምን ልነጋገር ነው?»

«ሳይነካም እየተዘጋ ነው፤ አሁን አዩት። እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልምልልዎትም፤ ሐኪም የሚምልበት ነገር አይደለም። ብዙ የቆየ ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ የሞተ ደግሞ አይመለስም። የእርስዎ ግን ገና አልሞተም። እየጮኸ ነው፤ ሌሊት የሚቀሰቅስዎት እሱ ነው።»

ይህንኑ ለባለቤታቸው በእጇ ተረጎመችላቸው። ሴትየዋ ብዙ አላሰቡም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው፣ የባላቸውን ንጹሕ ሸሚዝ ከቁም ሣጥን አወጡና ለነገ ወንበር ላይ ሰቀሉት።

በማግሥቱ አብረው ሄዱ። ክሊኒኩ ውስጥ በቀጭን ሽቦ የነርቩን ፍጥነት ለኩት፤ ስኳርም ሌላም ምክንያት እንዳይኖር ደማቸው ታየ። ድጋፍ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አልፏልና መተላለፊያውን በትንሽ ቀዶ ሕክምና ማስፋት እንደሚያስፈልግ ተነገራቸው። ቀኑ ሲደርስ በማደንዘዣ የደነዘዘው እጃቸው ብቻ ነበር፤ እሳቸው ነቅተው ጣሪያውን ሲያዩ፣ ነጩ ጨርቅ ሁሉ የማጠቢያ ቤቱ አንሶላ እየመሰላቸው፣ በመካከሉ በዝግታ የሚሄዱ እየመሰላቸው ቀዶ ሕክምናው አለቀ። ለምሳ ቤታቸው ገቡ።

እጁ እስኪያገግም ድረስ በግራቸው ተናገሩ። የግራ እጃቸው እንደ ሕፃን ኮልታፋ ነበርና፣ ሚስታቸው እየሳቁ ያርሟቸው ነበር። ሌሊት መባነኑ ወዲያው ተዋቸው። የጣታቸው ስሜት ግን በወራት ውስጥ ነው እንደ ንጋት ቀስ እያለ የመጣው። የሟሟው ሥጋ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ያ የመዘግየታቸው ቅጣት ነው፤ እሳቸውም አይክዱትም። ሥራቸውን ሲጀምሩ የካውያው እጀታ እንዲወፍር ጨርቅ ጠቀለሉበት፤ አጥብቆ መጨበጡንም ተዉ፤ በየመሐሉ እጃቸውን ማሳረፍ ለመዱ።

ከሁሉ ያስገረመው ግን የባልደረቦቻቸው ነገር ነው። ጋሼ ካውያ በእንፋሎቱ መካከል ቆመው ታሪካቸውን ሲናገሩ፣ ከየአንሶላው ኋላ የተደበቀ እጅ ይወጣ ጀመር። ልብስ አጣፊዋ አራስ ልጇን ባነሣች ቁጥር ከአውራ ጣቷ ሥር አንጓዋ ይወጋታል፤ በድጋፍና በዕረፍት ተሻላት። የአንዱ ጣት ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፤ በአንድ መርፌ ተፈታለት። ሾፌሩ አንጓው ላይ እብጠት ወጥቶበት፣ ጓደኞቹ በወፍራም መጽሐፍ መትተህ አፍርጠው ብለውት ነበር። ታይቶ ጉዳት የሌለው መሆኑ ሲነገረው መጽሐፉን ለንባብ መለሰው። ማንም ሥራውን አላጣም። ቀድሞ መታየት ማለት እጅን ለቢላ አሳልፎ መስጠት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከቢላ ማዳን ነው። እጅ የእንጀራችን ገመድ ነው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ አንደበትም ነው።

አንድ ምሽት ጋሼ ካውያ መጋረጃ ታጥቦና ተተኩሶ ሲመለስ ለመስኮቱ አልበቃ ብሎ ስለተነሣው ጭቅጭቅ ለሚስታቸው ያወሩ ጀመር። የአለቃውን ቁጣ አስመሰሉ፣ የደንበኛዋን ኩራት አስመሰሉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰው የረሱትን ጨመሩ። ባለቤታቸው አገጫቸውን ደግፈው፣ መብራቱ ፊታቸው ላይ ወርቃማ ሆኖ፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። በመጨረሻ እጃቸውን አንሥተው የባላቸውን ጣቶች በቀስታ ያዙና አስቆሟቸው።

«ዓይኔ ደከመ» አሉ። «የቀረውን ነገ ጨርስልኝ።»