ማድሪድ ላይ ጥቁር፣ ሳን ፔድሮ ላይ ጠይም

«ካስኩ አላቃጠለሽም አይደል ክላሪቤል? ዝናቡ ሳያባራ ደግሞ የትም አትሄጂ። አንድ ጠብታ ከነካው ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ፤ ጠጉርሽ ተንጨባሮ ነው የሚነሳው።»

ጠጉር ሠሪዋ ኦኔይዳ ይህን ስትል ዓይኗ ክላሪቤል ላይ አልነበረም። ከማድሪድ ወደ ሳን ፔድሮ የተመለሰችው የራዳሜስ እናት ጠጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ከጎን ተቀምጣለች። ትናንት ልጇ ያኒራን እንዳያገባ ከልክላለች፤ የልጅቷ አባት ሸንኮራ ሊቆርጥ ከሄይቲ የመጣ ነው ብላ። ያኒራን ያሳደገቻት ኦኔይዳ ናት። ልጅቷ ጓዳ ገብታ ፎጣ እያጠበች ታለቅሳለች። ኦኔይዳ አንጀቷ ቢያርም ድምጿን ማር አደረገችው።

«አንዲት የማውቃቸው ሴትዮ አሉ... ስም ምን ያደርጋል? ወርቅ የሆኑ ሴት ናቸው! ከዚህ ሲሄዱ ጠይም ነበሩ፤ መታወቂያቸውም የቆዳ ቀለም በሚለው ላይ እንደዚያ ይላል። ማድሪድ ሲደርሱ ግን ጥቁር ሆነው ወረዱ። አውሮፕላኑ ውስጥ ምን ቀብተዋቸው ይሆን? ተቀጥረው ገላዋን የሚያጥቧት አሮጊት እንኳ «ጥቁሯ» እያለች ነበር አሉ የምትጠራቸው። ጨዋ አይደሉ? «አቤት» ይላሉ። አልቅሰው ሲያድሩ ያባበለቻቸው ማን መሰለችሽ? የሄይቲ ሴት! አንድ አልጋ፣ አንድ ድስት... ሰልፍም ወጥተዋል፣ «እኛ ጥቁሮች» እያሉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው። ፎቶውን ራሳቸው ናቸው የላኩልኝ። እንዴት አምሮባቸው ነበር!

አሁን ተመለሱ፤ ተመስገን፣ ቀለማቸውም አብሯቸው ተመለሰ። እንዲያውም ፈካ ብለዋል። «ዘራችንን እናሻሽል» ይላሉ። ልክ ናቸው እኮ! ልጃቸው ጠቆር ያለች ቢያገባ የቤተሰቡ ንጣት ይበላሻላ... የቱ ንጣት እንዳትዪኝ። እኔ ጠጉር ሠሪ፣ ምን አውቃለሁ? የጠጉራቸውን ሥር በየሳምንቱ የምተኩሰው እኔ ብሆንም፣ የደንበኛ ምስጢር አላወጣም።»

የራዳሜስ እናት ብድግ ብላ ወደ በሩ ሄደች። ዝናቡ ይወርዳል። ጠጉሯን በእጇ ዳሰሰችና ተመልሳ ተቀመጠች።

«እኔማ ምን እላለሁ? የመረጡለትን ነጭ ሙሽራ... ለልጃቸው ማለቴ ነው፣ እግዜር ያምጣለት። የልጅ ልጅም ይታቀፉ፣ ቤታቸው በሕፃን ይሙላ! ሁሉም ደግሞ፣ አንዳቸውም ሳይቀሩ፣ ቁርጥ እሳቸውን ይምሰሉ። አሜን በይ እንጂ ክላሪቤል!»